ሐበሻ የሌለበት ከተማ

ሰው ከተማ የሚመርጠው በባሕሩ፣ በምግቡ፣ በሕንፃው ነው። እኔ ግን የመረጥኩት ሐበሻ ስለሌለበት ነው። አትፍረዱብኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ባሌ የማነ ማታ ማታ ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል። እኔ ቀን ቀን ግሌንዴል አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ስንነጋገርም በቴክስት ነው፤ «ወተት አልቋል» እለዋለሁ፣ «ኦኬ» ይለኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ቫኬሽን አልወጣንም ማለቴ አይደለም። ዳላስ ሄደን አክስቴ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተደርድረን አደርን። ሲያትል ሄደን ከለቅሶ ወደ ክርስትና፣ ከክርስትና ወደ ለቅሶ ስንዞር ፈቃዳችን አለቀ። ዲሲንማ አታንሱብኝ። ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል መያዝ ደግሞ ነውር ነው፤ «ምን በደልንሽ?» ይሉሻል።

ሶ፣ ዘንድሮ ቆረጥኩ። ሁለት ሌሊት፣ እኔና ባሌ ብቻ። አጠገቤ ተቀምጦ ፊቴን እንዲያየኝ ነው የፈለግኩት፤ ሌላ ጉድ የለውም። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ከተማ ፍለጋ ስልኬ ላይ ተተከልኩ። የከተማውን ስም እጽፍና «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት» እለዋለሁ። አንድ ክትፎ ቤት ብቅ ካለ ከተማው ወደቀ። ስንቱ ቆንጆ ከተማ በክትፎ ወደቀብኝ መሰላችሁ። በመጨረሻ ዱሉዝ ተገኘች። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ባሕር የሚያክል ሐይቅ ዳር ቁጭ ያለች፣ እኛ ሐበሾች በምንሰበሰብበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ማንም ስሟን አንስቶ የማያውቅ ከተማ ናት። ስልኬ አንድም ክትፎ አላሳየኝም። ሐይቁን የሚያይ ክፍል ወዲያው ቡክ አደረግኩ።

«ለማንም እንዳትናገር» አልኩት የማነን።

«ለማን እናገራለሁ?» አለኝ።

ለማን? ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ሽሮ ለሚሸጡት ለእትዬ እታገኝ ነዋ። ከእሳቸው ሱቅ ሳያድር ያለፈ ወሬ የለም። እሱ ግን አልተናገርኩም ብሎ ይምላል። «ዱሉዝ የሚባል ቦታ ሐበሻ ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቀ እንጂ። አለመኖሩን ሊያጣራልኝ ነው አሉ። ሐበሻ አለመኖሩን ለማወቅ ሐበሻ ይጠየቃል? እሳቸው ዳላስ ደወሉ፣ ዳላስ ሚኒያፖሊስ ደወለ፣ ሳምንት ሳይሞላ የእህታቸው ልጅ ሚስት ወንድም ዱሉዝ ነርስ ሆኖ ተገኘ። ሶፎንያስ ይባላል።

ወደ በርባንክ ኤርፖርት ልንወጣ ስንል እትዬ እታገኝ በርበሬ የሞላ ፌስታል ታቅፈው ደጃፋችን ቆመዋል።

«ለልጁ አድርሱለት፣ በሰው አገር ብቻውን እኮ ነው» አሉ።

ምን ይባላል? «እሺ እትዬ» ነው የሚባለው። አዲሱን ቀሚሴን ከሻንጣ አውጥቼ በርበሬ ከተትኩ።

ዱሉዝ ስንደርስ ሶፎንያስ ኤርፖርቱ በር ላይ አበባ ይዞ ይጠብቀናል። ብቻውን ነው የተባለው ሰውዬ ሚስት፣ ሦስት ልጆችና አማት አሉት።

«ሰው እያለ ሆቴል?» አለና ሻንጣችንን ነጠቀን።

ቤቱ ዶሮ ተሠርቷል። የማነ ሳሎን ሶፋው ላይ፣ እኔ ከአማትየዋ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንድናድር ተወስኗል። ሁለት ሌሊቴ አማትየዋ ጋ መግባቱ ነው።

ራት ላይ ባሌን አየሁት። ያወራል፣ ይስቃል፣ ያስቃል። ጨዋታ አዋቂ ነው ለካ! ለእኔ ከ«ኦኬ» በላይ ቃል ያልነበረው ሰው ነው። ወደ ደጅ ጠራሁት።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ለምን ጠየቅካቸው?» አልኩት።

«ሁለት ቀን ሙሉ ለብቻችን ምን እናወራለን ብዬ ፈራሁ፣ መሲ» አለኝ።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የምናወራውንማ አጥቼ አልነበረም ልለው ፈለግኩ፤ አስቤ አስቤ ግን ከወተቱ ሌላ አንድ ነገር አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ነው የከፋኝ።

ቦርሳዬን አንስቼ፣ ለሶፎንያስ ሚስት «አየር ልቀበል» ብዬ ወጣሁና ታክሲ ጠራሁ። ሆቴሉ ክፍሌን ይዞ ጠብቆኛል። ሐይቁም እንደተባለው ነው፣ ማዶው አይታይም። ለሁለት ሰው የተነጠፈው አልጋ መሀል ላይ ጋደም አልኩ።

ብዙም ሳልቆይ ስልኬ ጮኸ። ቴክስት አይደለም፣ ደወለ።

«መሲ፣ ሰዎቹ የት ሄደች እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?» ድምፁ ተጨንቋል።

«ይኸው፣ የምናወራው አገኘን» አልኩት። «መጥተህ ጠይቀኝ።»