የጥር ቡቃያ

እረኛው አዱኛ እየሳቀ ነበር የመጣው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን በላዩ ጥሎ ከበረቱ ደጃፍ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ወር ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲገባና ሲወጣ የከረመ ሰው፣ ዛሬ ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

«ጋሼ ምናለ፣ ላሞቹ ዛሬስ ጠገቡልዎ!» አለ። «እንዴት ያለ ለምለም አገኘሁላቸው መሰለዎ። ሆዳቸው እስኪነፋ በሉና አሁን ጋደም ብለዋል።»

ምናለ ጥጆቹ መሃል ተቀምጦ መዥገር እየነቀለ ነበር። ሰባቱ ጥጆች ቀን ቀን ከእናቶቻቸው ተለይተው በረት ውስጥ ይውላሉ። ማታ ላሞቹ ሲገቡ ጥቂት ይጠቡና ይታለባል፤ የተረፈውም የእነሱ ነው። ሽማግሌው መዥገሩን በጣቱ እንደያዘ ቀና አለ።

«ለምለሙ የት ነው?»

«ከመንገዱ ማዶ፣ ማሽላው የታጨደበት። ያ የጥር ዝናብ እንዴት አድርጎ እንዳበቀለው ቢያዩ!»

ምናለ ከመሬቱ ብድግ አለ። ከሽመሉ ግድግዳ ላይ ቢላውን መዘዘና ሮጠ። ዕድሜው ስልሳ ስድስት ነው፤ ከሮጠ አሥር ዓመት ሳያልፈው አይቀርም።

በረቱን የሠራው አባቱ ነበር። ምሰሶዎቹ ዞቢ የሚሉት ጠንካራ የቆላ እንጨት ናቸው፣ ምስጥ እንኳ ሞክሮ የተዋቸው። በደህናው ዘመን ዘጠና ላም ያድርበት ስለነበር፣ በሸሕዲና በኮኪት መካከል የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ዛሬም «በረቱ ጋ ወራጅ አለ?» እያለ ይጠራል። ከዚያ ሰሊጥ መጣና ግጦሹን ጠቅልሎ በላው። ቀጥሎ ዘራፊ መጣና አርባውን በአንድ ጊዜ ነዳው። ሌላው በበሽታ፣ ሌላው በረሃብ አለቀ፤ የቀሩት ሰባት ላሞች ብቻ ናቸው። ልጁ የትናየት ከሸሕዲ በደወለች ቁጥር «ይተዉትና ይምጡ እንጂ አባባ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «እነዚህ ሰባቱ ሰኔን ከያዙልኝ በረቱ ይተርፋል» ይላታል። ሌላ ተስፋ አልነበረውም።

ጠዋት አዱኛ «ዛሬስ ወዴት ልንዳቸው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ምናለ ዞሮም ሳያየው «ሣር ወዳለበት ነዋ! ወዴት ትነዳቸዋለህ?» ብሎ መለሰለት። ዘጠና ላም ያደረበት በረት ጌታ ለአንድ እረኛ ብዙ ቃል አያባክንም።

አዱኛ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ መንገድ ሲዘጋበት እዚህ ቀረ። ታጭዶ የቀረ የማሽላ ጉቶ ያለ ወሩ ዝናብ ሲያገኝ የሚያቆጠቁጠው ቡቃያ ከብት እንደሚገድል በቆላው ያልሰማ የለም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም ለማንም አይነግረውም። ገብስ በሚዘራበት በአዱኛ አገር ግን የለመለመ ሁሉ መኖ ነው። ምናለ ይህ ሁሉ የገባው እየሮጠ ሳለ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ሰው፤ ካፍ ሳይወጣ ስለቀረው ግን ማንም የተረተለት የለም።

ሁለቱ ሞተው ደረሰ። አምስቱ አረፋ ደፍቀው፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ያቃስታሉ። ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያለው ጎረቤቱ ኡመይር፣ ሽማግሌው ሲሮጥ አይቶ የራሱን ቢላ ይዞ ከኋላው ደረሰ። ነገሩን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቡቃያውን ማየት በቃው።

«ወላሂ ጊዜ የለም፣ ምናለ» አለ። «ቶሎ በል፣ ለእኔ ቢላ የሚሆነውን ለይልኝ።»

ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን። መንደሩ ደግሞ የሁለቱም ነው። ከታረዱ ቢያንስ ለሰው ይሆናሉ፤ ነፍሳቸው ከወጣ ግን ለጅብ ነው። ምናለ አምስቱን አየ። ከመካከላቸው ሻሾ የሚላት ላም የእርምጃውን ድምፅ ሰምታ ጭንቅላቷን ልታነሣ ሞከረች፤ የሚያልባት መስሏት ይሆናል።

«ሦስቱን አንተ» አለ። «የእናንተ ቤት ሰው ይበዛል። ሻሾን ተዋት፣ እሷን እኔ።»

ኡመይር ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ምናለም በስመ አብ ብሎ፣ በየማታው በሚያልብበት እጁ የሻሾን አንገት ቀና አደረገ። የዘንድሮ ጥጃዋ አምስተኛዋ ነበር። ሲጨርስ ደሙ አጠገብ ቁጭ አለ። አዱኛ ከማሳው ዳር አፈር እየዘገነ ራሱ ላይ ይበትናል።

«ይሄን ሰውዬ ሳይመሽ ሸኘው» አለ ኡመይር ቢላውን እየጠረገ። «ባየኸው ቁጥር ይብስብሃል።»

አመሻሹ ላይ ሥጋው ተከፋፍሎ ሰው ሲበተን፣ አዱኛ ጨርቁን ቋጥሮ ከበረቱ በር ቆመ።

«ጋሼ... ዱላዎን ላስረክብዎ ብዬ ነው።»

ምናለ ዱላውን ተቀበለው። ሰውየውን ጠላው፤ ዱላውን ከራሱ ላይ ሊሰብርበት እጁ ተነሣ። የተነሣው እጅ ግን የት እንደሚያርፍ ጠፋው። «ሣር ወዳለበት» ያለውን የራሱን ድምፅ ሰማና ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ተቀመጥ» አለው።

አዱኛ ከነጨርቁ ተቀመጠ።

«የታጨደ ማሽላ ሲያቆጠቁጥ ከብት አታስገባ። ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው፣ ትንሹ ነው የሚገድለው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ሽንፋ ወንዝ ስታወርዳቸው ከፊት ሁን እንጂ ከኋላ አትንዳ። የተጠማ ከብት ይጋፋል፣ ደካማውን ይረግጣል።»

«እሺ።»

«መድኃኒት የተረጨ ሰሊጥ ዳር አታድርሳቸው። ሽታው ቢጠፋም አታድርሳቸው።»

አዱኛ እንባው በጉንጩ እየወረደ በእያንዳንዱ ቃል ራሱን ይነቀንቃል። ምናለ ከአባቱ የሰማውን፣ በሃምሳ ዓመት ያየውን ሁሉ፣ ለልጁም ለማንም ነግሮት የማያውቀውን፣ አንድ በአንድ ያወጣው ጀመር። ላሞች የሚገቡበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ሰባቱ ጥጆች ገመዳቸውን እየሳቡ ወደ በሩ ይጮኻሉ። ጩኸታቸው ሲበረታ ሽማግሌውም እረኛው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።