በስመ አብ የሚወስደው ከፍታ

«አምስት መቶ አርባ ጫማ ብቻ!» አለች ሠናይት የከፍታ መለኪያውን እያየች። ደስታዋን ለመደበቅ አልሞከረችም።

ትንሿ አውሮፕላን ከደብረ ታቦር ማኮብኮቢያ በላይ፣ ከጉና ተራራ ትከሻ ጋር እኩል ሆና ትበራለች። ልምምዱ ሲነሡ ሞተር ቢጠፋ ዞሮ ስለመመለስ ነው። እዚያው ሰማይ ላይ አንድ ከፍታ መርጠው «መሬት ይኼ ነው» ይባባላሉ፤ ከዚያ ገና እንደሚነሣ አውሮፕላን ሽቅብ ይወጣሉ፤ አሠልጣኟ ካፒቴን ዘውዱ የጋዙን እጀታ ድንገት ወደ ኋላ ይስቡታል። ሞተሩ ዝም ሲል ሠናይት አፍንጫውን ደፍታ፣ ክንፉን አጋድማ ወደመጣችበት ትዞራለች። ዞራ እስክትጨርስ የወረደችው ነው የሚቆጠረው።

«ቆንጆ ነው» አሉ ካፒቴን ዘውዱ። «ግን አልደነገጥሽም።»

«እጅዎን እያየሁት ለምን እደነግጣለሁ?»

«እኮ! ሞተር ሊጠፋ ሲል ማስታወቂያ አይለጥፍም። የዚህ አገር ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ ምን ይላል?»

«በስመ አብ ነዋ።»

«እስከ ምን ድረስ?»

«እስከ አሜን።»

«እንግዲያው አንቺም በዪ። አሜን ሳትዪ እንዳትዞሪ።»

ደግመው ወጡ። እጀታው ሲሳብ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» አለች፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሚኒባስ እንደሚያመልጠው ሰው። በዚያች ቅጽበት አውሮፕላኗ ፍጥነቷን ጥላ ስለነበር አፍንጫውን ከቅድሙ ይበልጥ መድፋት ነበረባት። ሰባት መቶ ሃያ ጫማ ወረደች።

«መቶ ሰማንያው በጸሎት ሄደ» አለች።

«ጸሎት አይወቀስም። ሒሳቡ ውስጥ ይገባል እንጂ።»

ለስሕተትና ለነፋስ ጨምረው ቁጥሩን አንድ ሺህ አደረጉት። «ከሺህ በታች ከጠፋብሽ ማኮብኮቢያውን እርሺው። ፊት ለፊትሽ ያለው ማሳ ላይ ውረጂ። ከሺህ በታች ስትዞሪ ካየሁ ግን አልፈርምልሽም።»

ሠናይት የእብናት ገበሬ ልጅ ናት። አንበጣ የአባቷን ማሽላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲጨርሰው ቆማ አይታለች። ከዚህ ማኮብኮቢያ ብቻዋን እንድትነሣ ካልተፈረመላት የዘንድሮው የአንበጣ አሰሳ በረራ ለሌላ ይሰጣል። በሠለጠነችበት በቢሾፍቱ ሰባት መቶ ጫማ ይበቃት ነበር። እዚህ ግን አገሩ ከፍ ያለ፣ አየሩም የሳሳ ነው።

ወርደው ነዳጅ ቀዱና ከእውነተኛው መሬት ተነሡ። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ባሻገር ጤፍ የታጨደበት ማሳ አለ፤ ከማሳው ጎን አውድማ። በሬዎች ይዞራሉ፤ አንድ ገበሬ በመንሽ ምርት ያዘራል።

ስድስት መቶ። ሰባት መቶ። ስምንት መቶ ላይ እጀታው ተሳበ።

ዝምታው ቅድም ሰማይ ላይ እንደሰሙት ዓይነት አልነበረም። ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ ሲያፏጭ ተሰማት። ማኮብኮቢያው ከትከሻዋ በስተኋላ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ መሰላት፤ እጇ ሳታዘው መሪውን ወደ ግራ ማዞር ጀመረ፤ ክንፉም ትንሽ ዘንበል አለ።

«በስመ አብ» አለች። ማንም በዪ አላላትም። ቃሉ በራሱ ጊዜ፣ አንድ በአንድ ወጣ። አሜን ላይ ስትደርስ መለኪያው ከሰባት መቶ በታች ያሳይ ነበር። ክንፉን አቃናች። አፍንጫውን ደፋች። ማኮብኮቢያውን ተወችው።

ያኔ ምድር መጣች። ከላይ እንደ ሥዕል ጠፍጣፋ የነበረችው መጠን አወጣች፤ መጀመሪያ ማሳ፣ ቀጥሎ ክምር፣ ቀጥሎ የበሬ ጀርባ፣ በመጨረሻም መንሹን እንደያዘ አፉን ከፍቶ የቆመ ሰው። ከአጨዳ የቀረው የጤፍ አገዳ አንድ በአንድ የሚቆጠር መሰላት። ፍርሃት ትጠብቅ ነበር፤ የተሰማት ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃው ሲገለጥ የሚሰማት ዓይነት ነገር ነው።

ካፒቴን ዘውዱ ጋዙን መለሱት። ሞተሩ ጮኸ፤ ማሳው ወደ ታች ሸሸ።

«ልትዞሪ ነበር» አሉ።

«ነበር።»

«አልዞርሽም። ድገሚው።»

በሁለተኛው መነሣት ሺህ አለፈ፤ ሺህ አንድ መቶም አለፈ። በሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ላይ እጀታው ተሳበ። በስመ አብዋን ስትል ዓይኗ ወደ አውድማው ወረደ። ከመንሹ የሚነሣው ገለባ ወደ ግራ ይነጉዳል፤ ነፋሱ ከቀኝ ነው ማለት ነው። በግራ ወንበር ስለምትቀመጥ ሁልጊዜ በግራ ነበር የምትዞረው፤ ዛሬ በግራ ብትዞር ነፋሱ ከማኮብኮቢያው ያርቃታል። «አሜን» አለችና በቀኝ አጋደመች።

ጉና በመስታወቱ ላይ መሄድ ጀመረ። ያ ሁሉ ተራራ፣ ሌሊት የጣለበት አመዳይ ገና ያልጠፋው፣ ያለ ድምፅ ዞረ። ተከትሎ የከተማው ቆርቆሮ፣ ተከትሎ በምዕራብ እንደ መርፌ ያብለጨለጨ የጣና ውኃ። ምድር በክንፏ ጫፍ ላይ የተሰካች መሰለች። አፍንጫውን ቀና ላድርግ የሚለው ጉጉት እጇን ቢበላትም አልሰማችውም፤ በዚህ ፍጥነት ቀና ያለ ክንፍ አየር ስቶ ይወድቃል። ከዚያ ማኮብኮቢያው ከፊቷ ተዘረጋ። ጫፉን ስታልፍ ከሰባ ጫማ የበለጠ ከፍታ አልቀራትም። ጎማው መሬት ነካ።

ሞተሩን አጠፉ። ካፒቴን ዘውዱ ብቻዋን እንድትነሣ የሚፈቅደውን ቅጽ ከኪሳቸው አወጡ። ቁጥሩ ተጽፏል፦ አንድ ሺህ። እስክሪብቶውን ከፈቱ።

«ካፒቴን፣ አይፈርሙ።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ሺህ አይበቃም። ከሺህ መቶ ሃምሳ ጀምሬ ሰባ ነው የተረፈኝ። ላይ ስንለማመድ በስመ አብን በሩጫ ነበር ያልኩት። እዚህ ታች አልሮጥ አለኝ።»

ሽማግሌው ካፒቴን ቀና ብለው አዩዋት። «ቁጥሩን ዝቅ አድርጉልኝ የሚል ነው የለመድኩት» አሉ። ሺሁን ሰርዘው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጻፉና ከሥሩ ፈረሙ።

ሠናይት ከአውሮፕላኗ ወርዳ የዞረችበትን ቦታ ቀና ብላ ፈለገችው። ሰማዩ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ገበሬው ግን መንሹን እንደተደገፈ ወደዚያው ቦታ አንጋጦ ያይ ነበር።