የላይኛውና የታችኛው ጸሎት ቤት

አናጢው የታችኛው ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። ቤቱን የተከሉት ከላይኛው ተገንጥለው የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ጠቡም በጥምቀት ነበር። የላይኞቹ ሕፃናት ላይ ውሃ ይረጫሉ፤ የታችኞቹ ደግሞ አምኖ ገንዳ ውስጥ ያልጠለቀ ሰው ተጠመቀ አይባልም ባዮች ናቸው። አንድ መንገድ ላይ እየኖሩ፣ ከአንድ ሱቅ ዳቦ እየገዙ፣ ሰላምታቸው እንኳ በግድ ነበር። ኋላ ላይ ሁለቱ ጸሎት ቤቶች የታቀፉባቸው ቤተ እምነቶች በመሪዎቻቸው በኩል ታርቀው ውህደት ተፈራረሙ። ሁለቱም ጥምቀት ይጽና፣ በአንድ ቤት መጠቃለሉ ላይ ግን አጥቢያዎቹ በየጉባኤያቸው ድምፅ ይስጡ ተባለ።

የአናጢው ታላቅ እህት በታችኛው ገንዳ መጀመሪያ ከተጠመቁት አንዷ ናት። ባሏ ሲሞትም የሸኘችው ከዚያው ቤት ነው። በጉባኤው ዋዜማ ሊጠይቃት ሄደ።

«ቤታችንን ሊዘጉት ነው አሉ» አለችው፣ ሻይ እየቀዳችለት።

«እኔ እያለሁ? ምን ሲደረግ! አይዞሽ እታለም።»

ሲላት ከልቡ ነበር። ከእሷ ቤት ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ግን የላይኛው መጋቢ አገኘውና ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ከተዋሃድን አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ በአዲስ ይሠራል። ካንተ ሌላ ለማን እንሰጣለን?»

ጉባኤው ላይ ለውህደቱ ምክንያት ሞልቶ ነበር፦ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወጣቶቹ ሄደዋል፣ መጋቢ ከጠፋ ቆይቷል። እጅ ሲቆጠር እኩል ለእኩል መጣ፤ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እህቱ ዞር ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ስጋት የሚባል የለም፤ ተማምናበታለች። እጁን ለውህደቱ አወጣ።

የታችኛው በር ተቆለፈ። ምእመናኑ እየዘመሩ ወደ ላይኛው ሲወጡ እህቱ ቤቷ ቀረች። አናጢው ሥራውን ጀመረ፤ ግን መላጊያውን ባነሣ ቁጥር መልሶ ያስቀምጠው ጀመር። አንድ ቀን ጣውላውን እንደ ጀመረው ጥሎ ቤቷ ሄደ።

«እታለም፣ ሥራውን እመልሳለሁ» አላት፣ ገና ሳይቀመጥ።

«የምን ሥራ?»

አልሰማችም ነበር ለካ። የመጋቢውን ነገር ነገራት።

«እኔ እኮ ሰው ‹ቤቱን ያዘጋው እሱ ነው› ብሎ ሲያማህ ስከራከርልህ ነበር። ‹ለቤተ ክርስቲያኑ ይበጃል ብሎ እንጂ ወንድሜ ቃሉን አያጥፍም› እያልኩ።»

«ለቤተ ክርስቲያኑም ብዬ ነው።»

«የቱ ይበልጥ ነበር?»

የቱ እንደሚበልጥ ራሱም አያውቅም ነበር።

«በል ሂድ፣ አግዳሚህን ሥራ» አለችው በመጨረሻ። «ሰው መሬት ላይ ይቀመጥ?»

ወንበሮቹ ከገቡ በኋላ፣ በአንዱ እሑድ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ላይኛው ጸሎት ቤት መጣች። በሩ ላይ ስታገኘው፣ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወንድምዓለም» ብላው ገባች። የላይኞቹ ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሲለቁላት በበሩ በኩል አየ። ብትቆጣው በወደደ። መዝሙሩ ተጀመረ፤ የእሷም ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ወጣ። እሱ ግን ደጅ ቆሞ ቀረ።