ሳሎን የቆመው ታንኳ

አሮጊቷ አያት የልጅ ልጃቸውን ጠረጴዛ ሲወለውሉ ነው ወረቀቱን ያዩት። የሰው ጽሑፍ የማንበብ ልማድ የላቸውም፤ ግን «ቡድሃ» የሚለው ቃል ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ክው አሉ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ቡድሃ እንዳለው፣ ወንዝ የተሻገረ ሰው ታንኳውን ተሸክሞ አይሄድም። ክርስቶስ ደግሞ መስቀልህን ተሸክመህ ተከተለኝ ይላል።»

«ወይ ጉዴ! ልጄን ወሰዱብኝ!» አልጋዋ ላይ ዘፍ አሉ።

ልጅቷ ጸጉሯን በፎጣ እያደረቀች ገባች። ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖቶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ አያትየው ይህን ቀን ሲፈሩ ነው የኖሩት።

«መስቀልሽን ልትጥይ ነው?»

«እምዬ ደግሞ! የቤት ሥራ ነው። ማነጻጸር።»

«ታዲያ ይሄ ቡድሃ የሚሉት ሰውዬ እኔ ቤት ምን ጥልቅ አደረገው?»

«እሱን ተዪው፣ አንቺም አለሽበት» አለችና ምላሷን ነከሰች።

አያትየው ወረቀቱን ገለበጡ። «መስቀል ለሌላው ሲሉ የሚሸከሙት ነው፤ ታንኳ ለሌላው ሲሉ የሚተዉት። አያቴ ግን ታንኳውን መስቀል ነው ብላ ሳሎን አቁማዋለች።»

ዞር ብለው በተከፈተው በር ሳሎኑን አዩ። ጥግ ላይ አንሶላ የለበሰው የባላቸው ዊልቸር አለ። ባላቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሳቸው ግን በየቅዳሜው ይወለውሉታል፣ ጎማውን ያስነፋሉ። ባለፈው ሳምንት ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ዳሌው ተሰብሮ ሚስቱ ዊልቸሩን ልትለምናቸው ብትመጣ፣ «የባሌ መስቀል ነው፣ እስክሞት እሸከመዋለሁ» ብለው በሩን ዘግተውባታል።

«እኔን? አስተማሪሽ ፊት?»

«ስምሽን አልጻፍኩም።»

«ስድስት ዓመት ገፍቼዋለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ እምዬ። ያኔ መስቀል ነበር።»

«አሁንስ?»

ልጅቷ በጣቷ ወደ ታች፣ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት አመለከተች። ከታች የስፌት መኪናው ድምፅ ከጠፋ ሳምንቱ መሆኑን አያትየው ያን ጊዜ ነው ልብ ያሉት።

ተነስተው አንሶላውን ገፈፉ። መግፊያውን ዳበሱት፤ እጃቸው ቦታውን አልረሳም።

«ፍሬኑ በግራ በኩል ይለግማል ብለሽ ንገሪው። የመቀመጫውን ትራስ ግን አልሰጥም።»

«እሺ።»

«ያው... ትራሱንም ውሰጂ፣ ዳሌውን ይቆረቁረዋል።»

ልጅቷ ወንበሩን ወደ ደረጃው ስትገፋ አያትየው የበሩን መቃን ጨብጠው ጮኹ።

«ቀስ! ሰው እንዳለበት አድርገሽ ያዥው!»