ሁለተኛው ቆጣሪ

ጀነት የባቲ ልጅ ናት፤ ፀሐይ ጠግባ ያደገች። ባሏ ሙአዝ ደግሞ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተወልዶ ብርድን እንደ ዘመድ የሚያይ ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ ባሕር ማዶ፣ ፒከሪንግተን በምትባል በረዷማ ከተማ ውስጥ፣ ያውም በጥር፣ የቤቱን ሙቀት በሚቆጣጠር በአንድ ቴርሞስታት ሲኖሩ ጠብ ባይኖር ነበር የሚገርመው።

ዘንድሮ አሮጌውን የጋዝ ማሞቂያ አስነቅለው ሂት ፓምፕ አስገቡ። በብርድ ያሞቃል፣ በሙቀት ያቀዘቅዛል። የሚበላው መብራት በርካሽ ታሪፍ ስለሚታሰብም ከቤቱ ቆጣሪ ጎን ለእሱ ብቻ ሁለተኛ ቆጣሪ ተተከለ። ሙአዝ በየማለዳው ወጥቶ ያነበዋል፤ ቆጣሪው ይጋልባል።

«ጀኒ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ትጨምሪዋለሽ አይደል?»

«ወላሂ አልነካሁትም!»

«ታዲያ ሚተሩ ይዋሻል?»

በመጨረሻ ቴርሞስታቱን ቁልፍ ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ከደነው። ቆጣሪው ግን አሁንም አልበረደም። «ሌላ ቁልፍ አሠርተሻል» አላት።

ብርዱንስ በሁለት ካልሲ ትችለዋለች። ጀነትን ያንገበገባት መሐላዋን አለማመኑ ነው። አንድም ቀን ዋሽታው አታውቅም።

«በል ዛሬ ማታ ጭራሽ ኦፍ አድርገው» አለችው። «ቁልፉን ትራስህ ሥር አድርገህ ተኛ። ጠዋት አብረን እናነባለን። ከጨመረ ይቅርታ ጠያቂው አንተ ነህ።»

አጠፋው። የደሴው ጀግና ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሲጎትት ጀነት በሆዷ ሳቀች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሲነጋ በረዶው ላይ ጎን ለጎን ቆመው አነበቡ። ቆጣሪው ጨምሯል፤ አሁንም እየቆጠረ ነው። ሙአዝ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መኖሩን ዳሰሰ። የጀነት ዓይን ግን ከቆጣሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ዐረፈ፤ ኤሌክትሪሽያኑ ሂት ፓምፑን ሲገጥም አብሮ የተከለው ነው። ከሶኬቱ የወጣውን ጥቁር ገመድ በዓይኗ ተከተለችው። ገመዱ ጋራዡን ዞሮ፣ ሄዶ ሄዶ፣ ሙአዝ በቅርቡ የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና ላይ አበቃ። ከሚሠራበት የግሮቭፖርት መጋዘን ቤት በገባ ቁጥር በገዛ እጁ የሚሰካት መኪና!

ጎንበስ ብላ ነቀለችው። ቆጣሪው ቀጥ አለ፤ ለካ ኤሌክትሪሽያኑ ሶኬቱን የቀጠለው ከሂት ፓምፑ ቆጣሪ ጋር ኖሯል።

«ሱብሃነላህ!» አለ ሙአዝ ራሱን ይዞ። «አፉ በይኝ ጀኒ። ስትምዪ ማመን ነበረብኝ።»

ጀነት እስኪያማት ሳቀች፤ እሱም ተከተላት። ከልቧ ላይ የሆነ ድንጋይ ወረደላት። ከዚያ ቁልፉን ተቀበለችው፣ ቤቱን እንደ ባቲ አሞቀችው፣ ሣጥኑንም ከግድግዳው ፈትታ አውጥታ ሶኬቱ ላይ ቆለፈችው።

ማታ ሙአዝ ከሥራ ገባና ገመዱን እንደያዘ በሩን አንኳኳ።

«ጀኒዬ፣ ኤሌክትሪሽያኑ መጥቶ እስኪያስተካክለው… ለነገ ሥራ የምትበቃኝን ብቻ ቻርጅ ላድርግ። ወላሂ ወዲያው እነቅለዋለሁ።»

«አምኜሃለሁ» አለች ጀነት፤ ቁልፉንም ሰጠችው።