የጋሽ ሜትር እጥፋት

ጋሽ ሜትር የክሩን ጫፍ በምላሳቸው አርጥበው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመርፌው ቀዳዳ አሾለኩት። እጃቸው አልከዳቸውም፤ የከዳቸው ሳንባቸው ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው የልብስ መለኪያው ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ነበር። አሁን ደግሞ ከአፍንጫቸው የተነሣ ቀጭን ቱቦ ከመለኪያው ጎን ይወርድና ወለሉን አቋርጦ፣ ጥግ ላይ ከሚያጉረመርመው የኦክስጅን ማሽን ይደርሳል።

የስፌት መኪናዋን መርገጫ ረገጡ። ስንዝር ያህል ሳይሰፉ ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። ሰሞኑን እንዲህ ሆነዋል። ከፊታቸው የዳቦ ጋጋሪው ሱሪ ተዘርግቷል፤ ጋጋሪው ዳቦውን ከደንበኞቹ እኩል ስለሚበላ ወገቡ በየዓመቱ መለቀቅ አለበት።

ሚስታቸው ማሽኑን ከፍ ላድርገው ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ልጃቸው ሐኪም ሳያዝ አይነካም፣ መብዛቱም ይጎዳል ብላ ከለከለች። ቤት እየመጣች የምታያቸው ነርስ ዛሬ ባሰበት ካለች የስፌት መኪናዋ ለቀድሞ ተማሪያቸው እንድትሰጥም ቆርጣለች።  ጋሽ ሜትር መኪናዋን ዘይት ቀቧት።

ነርሷ መጥታ የደም ኦክስጅን መለኪያዋን በጣታቸው ላይ ሰካች፤ ቁጥሩን አይታም ፊቷን ቋጠር አደረገች። ከዚያ ቱቦውን ከአፍንጫቸው ጀምራ በጣቶቿ እየዳሰሰች ሄደች። ከወንበሩ ኋላ ስትደርስ ቆመች። ቱቦው እንደ ሱሪ ጫፍ ተደራርቦ ታጥፎ በነጭ ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«አባባ፣ ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኛ። ረዝሞ ሰው ሲያደናቅፍ አሳጠርኩት።»

«ኦክስጅኑንም አብረው አሳጠሩት።»

ሚስታቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። «የሰፈሩን ሱሪ አሳጥሮ ሲጨርስ የቀረው የገዛ ትንፋሹ ነበር!»

ነርሷ ክሩን በገዛ መቀሳቸው ቆረጠችው። ጥቂት እንደቆየ ቁጥሩ ተመለሰ። ልጃቸው ግን አልረካችም። «ሲሠራስ?» አለች።

ጋሽ ሜትር መለኪያው ጣታቸው ላይ እንዳለ ረገጡ። ቁጥሩ እንደገና ወረደ።  ነርሷ ያለፈው የኦክስጅን መጠን የተወሰነው ተቀምጠው ሲያርፉ ተለክቶ መሆኑን፣ ሳንባቸውም ከዚያ ወዲህ ትንሽ መድከሙን ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ጋሽ ሜትር ትንፋሻቸውን ሰብስበው ፈገግ አሉ። «እኔ እንኳ ሱሪ ስለካ ሰውየውን አስቀምጬም አስነሥቼም ነው። በአንድ ልክ የሚኖር ሰው የት አለ?»

ነርሷ ለሐኪሙ ደወለች። ማሽኑ ሲያርፉ እንደ ድሮው በደቂቃ አንድ ሊትር፣ ሲረግጡና ሲራመዱ ሁለት ይሁን፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ይምጡ አለ። እሷም በሁለት አድርጋ፣ እንደገና አስረግጣ ለካች። አሁን ቁጥሩ አልወረደም።

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። እሷ መኪናዋን በሁለት እጇ ያዘች።  ልጅቷ ግን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ጥጉ ገፋቻት፤ ቱቦው ማንንም በማያደናቅፍበት፣ ከኦክስጅን ማሽኑ አጠገብ አቆመቻት።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ የምታሳጥረው የሰው ልብስ ብቻ ነው» አለች።

እየረገጡ፣ እያረፉ የጋጋሪውን ወገብ ጨረሱ። ክሩን ቋጥረው ቆረጡና ሱሪውን አጥፈው ወንበር ላይ አኖሩት። ከዚያ ማሽኑን ወደ አንድ መለሱት።