ኮሌታው ይቆይ

እኔ ሲበዛ ፈሪ ነኝ። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ «እማማ ትንኝ ብታስነጥስ ሐኪም ይጠራ ይላሉ» እያለ ይስቅብኛል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ሲወጣ ስንቴ እየደወልኩ እንደማሰለቸው እሱ ያውቃል። ታዲያ በዚያን ሰሞን ለራሴ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ምላስሽን ያዥ» ብዬ ምዬ ነበር። ዝምታም ቀን አለው ለካ።

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ከወለደች ገና አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ግን የተማሪ ዩኒፎርም ተቀብላ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ድምቡሼ ሲያለቅስ (የልጅ ልጄን የምጠራው እንዲህ ነው፤ ጉንጩን ያየ ለምን አይለኝም) «መጣሁ እማዬ፣ ይቺን ኮሌታ ልጨርስ» ትለኛለች። ያቺ ኮሌታ ስታልቅ ሌላዋ ትከተላለች። እኔም በጡጦ አባብለዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መቀሷን አስቀመጠችና፣ «እማዬ፣ ብርድ ብርድ አለኝ» አለች። ውጭ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ግንባሯን ብነካው እሳት።

«ጉንፋን ነው፤ ሲነጋ ይለቀኛል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቱን ሁሉ እጠራ ነበር። ያን ቀን ግን መሐላዬ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩባት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ትኩሳቱ በወተቱ ይጋባበታል ብዬ ድምቡሼን ከጡቷ አራቅኩት። ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ አውጥቼ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቀና ማለት አቃታት። «በዱላ የደበደቡኝ ነው የሚመስለኝ» አለች። ሸሚዟን ስትገልጥ ግራ ጡቷ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቶ አየሁ። ያኔ ፍርሃቴ በሙሉ ወኔው ተመለሰ። ድምቡሼን ታቅፌ፣ ልጄን ደግፌ፣ ጫማዬን ግራና ቀኝ አዛንቄ ተጫምቼ ታክሲ ውስጥ ገባን።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ነርስ የልጄ እኩያ ናት። ቴርሞሜትሩን አየች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ።

«ሳል አለሽ? ሽንትሽ ያቃጥልሻል? ከእምብርትሽ በታች ያምሻል? የሚፈስሽ ደም ሽታ አለው? አንገትሽን ማጎንበስ ያስቸግርሻል? ወባ ያለበት አገር ሄደሽ ነበር?»

በእያንዳንዱ ጥያቄ ልቤ ድው ይላል፤ ልጄ «የለም» ስትል መለስ ይልልኛል።

«ይሄ ሁሉ በሽታ በአንድ ትኩሳት ውስጥ ይደበቃል እንዴ?» አልኩ።

«ይደበቃል እማማ። ለዚህ ነው ሳይታዩ ጉንፋን ነው የማይባለው።» ጡቷን ቀስ ብላ ዳሰሰች። «ልጁ መቼ ነው የጠባው?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጫማዬ። ጫማዬም ያው፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ።

«እኔ ነኝ የከለከልኩት። ሕፃኑ እንዳይታመምብኝ ብዬ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። «ወተቱ እሱን አይጎዳውም። እሷን የጎዳት ወተቱ ሳይወጣ ጡቷ ውስጥ መጠራቀሙ ነው። ኢንፌክሽን ይዟታል፤ ሐኪሙ መድኃኒት ያዝላታል፣ እሱም ይጥባ። ደግነቱ ሳይብስ ደርሳችኋል።»

ሳይብስ ደርሳችኋል! ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

«ግን ትናንት ነበር መምጣት የነበረባችሁ» አለች። «አራስን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላት ቤት አያሳድሯትም።»

«ትናንት እኮ ዝም ያልኩት ጭንቀት ታበዢያለሽ እየተባልኩ ነው።»

«እማማ፣ ጭንቀትዎ የሚፈለገው ትናንት ነበር!»

«እንግዲያው ይሄንን ለአማቼ በማኅተም ጻፊልኝ» አልኳት። ልጄ እየተንቀጠቀጠችም ሳቀች።

እዚያው ድምቡሼን አስጠጋንላት። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ አሟታል። ቆይቶ ትከሻዋ ረገብ አለ። ነርሷ ለእኔም ሥራ ሰጠችኝ፦ መድኃኒቱን ጀምራ ትኩሳቱ በሁለት ቀን ካልበረደ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ከቋጠረ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ንግግሯ ከተምታታ ቀን ሌሊት ሳንል እንድንመለስ። መጠበቅማ ሙያዬ ነው። ቴርሞሜትር ገዝቼ ገባሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሠላሳ ሰባት። አላመንኩም፤ ሦስቴ ለካሁ። ሠላሳ ሰባት! ኩሽና ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

አማቼ ከመንገድ ደወለ። «ትንኟስ እማማ?»

«ትንኟ ተሽሏታል። አንተ ቀስ ብለህ ንዳ።»

በሳምንቱ ስፌት መኪናው ጓዳውን በድምፁ ሞላው። ድምቡሼ አለቀሰ።

«መጣሁ እማዬ፣ ይቺን ኮ...»

ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያው አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

መኪናው ቀጥ አለ። ኮሌታው መርፌው ሥር እንዳለ ቀረ፣ ልጄም እየሳቀች እጇን ለልጇ ዘረጋች።